ዛንዚባርን የበላት ይሉኝታ

ነገሩ የተጀመረው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካዛንቺስ፣ በኋላ ከሰፈሩ ጋር አብራ በፈረሰች አንዲት ካፌ ውስጥ ሰባት ሆነን ተቀምጠናል። ስምንተኛዋ ዋሽንግተን ናት፤ በስልኩ መስኮት በኩል አብራን ታወራለች። ከመካከላችን አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ «ከገና በኋላ ሁላችንም ለምን ዛንዚባር አንሄድም?» አለ።

«አለሁበት!»

ስምንት አፍ፣ አንድ ቃል። ሒሳቡ ከመምጣቱ በፊት የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ስሙም «ዛንዚባር 8» ተባለ። የዘንባባና የጀልባ ምልክትም ተለጠፈበት። ያን ቀን ማታ ለተመለከተን ሰው ነገ ጠዋት የምንሳፈር እንጂ ሰባት ወር የቀረን አንመስልም ነበር።

አልሄድንም።

ለምን እንዳልሄድን የጠየቁን ሁሉ መልሱን ራሳቸው ይሰጡናል። «ዶላሩ ነዋ!» ይሉናል። እኛም ለረጅም ጊዜ «አዎ፣ ዶላሩ ነው» ስንል ቆይተናል። ምክንያቱም ጥሩ ነው፤ ማንንም አያስከፋም፣ ማንንም አያስወቅስም። ዛሬ ግን እውነቱን መናገር ፈልገናል። ዶላሩ ክፉኛ ጎድቶናል፤ ጉዞውን የገደልነው ግን እኛው ነን። የገደልንበትም መሣሪያ ይሉኝታ ይባላል።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ እናውራ። ከስምንታችን ባሕር በዓይኑ ያየው አንድ ብቻ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነው የተወለድነው። አንዳንድ አባቶቻችን ስለ ምጽዋ ሙቀትና ስለ ዓሣው ሲያወሩ እንደ ተረት እንሰማቸዋለን። ለእኛ ባሕር ማለት ላንጋኖ ነው፤ ቡናማ ውሃ፣ ጥብስና የእሁድ ማታ የመኪና ሰልፍ። ላንጋኖን ለማጣጣል አይደለም፤ ብዙ ነገር ያየንበት ነው። ግን ሰው በሃያ ስምንት ዓመቱ አንድ ጊዜ እንኳ ውሃው ጨው መሆኑን በምላሱ ማረጋገጥ ቢፈልግ ሊፈረድበት አይገባም።

እናም ዛንዚባር። ሁለት ወር ሙሉ ስለ እሷ ያልተወራ ነገር የለም። ግማሾቻችን ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊ ይሁን አልን፤ እዚያ ባሕሩ ሲሸሽም ቢሆን መዋኘት ይቻላል። ሌሎቻችን ምሥራቁን፣ ፓጄንና ጃምቢያኒን መረጥን። በዚያ በኩል ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሩቅ ድረስ ይሸሻል፤ በተገለጠው አሸዋ ላይ ሴቶች የባሕር አረም ሲያለሙ ይታያሉ፤ ነፋሱን የሚወዱት ደግሞ በትልልቅ ካይት እየተጎተቱ በውሃው ላይ ይንሸራተታሉ። «ለመዋኘት ሄደን ባሕሩ የለም ቢሉንስ?» የሚለው ክርክር ብቻ ሦስት ምሽት ፈጅቷል።

ታሪክ ወዳዱ ጓደኛችን በበኩሉ የትም እደሩ፣ ሁለት ቀን ግን ለስቶን ታውን ስጡኝ አለ። ያላነበበው ነገር አልነበረም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበች፣ የኦማን ሱልጣን መንበሩን ከመስከት ወደዚያች ደሴት እንዳዛወረ፣ የባሪያ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ከተዘጋ በኋላ በቦታው ቤተ ክርስቲያን እንደተሠራ በድምፅ መልእክት አስተማረን። የኩዊኑ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው አብዱልራዛቅ ጉርናህም የዛንዚባር ልጅ ነው። ቅርንፉዱ፣ የፎሮዳኒ የማታ ምግብ፣ የኤሊዎቹ ደሴት… ሁሉም ተወራ። ሙስሊሟ ጓደኛችን ደግሞ የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም መሆኑን አስታውሳ፣ የባሕር ዳርቻ ልብስ ለባሕር ዳርቻ ብቻ እንደሆነ አስጠነቀቀችን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራን ሰዎች በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሳነው ነገር አለ። ስንት ብር አለህ? ስንት ብር አለሽ?

ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም። «በጀታችን እንዴት ነው?» ሲባል መልሱ «ያን ያህል አይደለም»፣ «ይደረስበታል»፣ «እናየዋለን» ነበር። እነዚህ ሦስት ቃላት ስንት ብር እንደሆኑ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ለአንዳችን «ያን ያህል አይደለም» ማለት የአንድ ሳምንት ገቢ ነው። ለሌላዋ የአራት ወር ደሞዝ ነው። ዋሽንግተን ላለችው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላት ለታንዛኒያ ቪዛ 100 ዶላር ትከፍላለች፣ እሷም «ያን ያህል አይደለም» አለች።

አስገራሚው ነገር እኛ ስለ ብር የምናፍር ሰዎች አለመሆናችን ነው። ካፌ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ እኮ ጦርነት ነው! «በሞቴ እኔ ልክፈል»፣ «ዛሬ ተራው የእኔ ነው»፣ «ኧረ እጅህን አንሳ!» አስተናጋጇ በአራት እጅ መካከል ቆማ የማንን እንደምትቀበል ይጨንቃታል። ለመክፈል እንጣላለን። «አልችልም» ለማለት ግን አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። ብርን ማሳየት ክብር ነው፤ ማጣትን መናገር ውርደት ነው ብለን ያደግን ይመስለናል።

ሰኔ ላይ ከአንድ አስጎብኚ ጋር ተነጋገርን። የስምንት ሰው ዋጋ ሰጠን። ለመያዣ በነፍስ ወከፍ 15,000 ብር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። ቁጥሩ ከስምንት ከጎደለ ዋጋው ይለወጣል፤ ጉዞው ከቀረም መያዣው አይመለስም። ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ እኛም ፈርመናል። ስለዚህ ሰውየውን አናማውም። በሳምንቱ ሁላችንም ከፈልን። ግሩፑ ውስጥ ስምንት ደረሰኝ ተለጠፈ፣ ስምንት ጭብጨባ ተጨበጨበ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንኩ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ብር መውረዱን ቀጠለ። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ዛንዚባር ለውጭ እንግዶች ሁሉ የ44 ዶላር የጉዞ መድን ግዴታ አደረገች። አርባ አራት ዶላር ትንሽ ይመስላል። በ57 ስታባዙት 2,508 ብር ነው። ዶላሩ 120 በገባ ጊዜ ያው መድን 5,280 ብር ሆነ። ይህ እንግዲህ ገና አልጋ ሳይያዝ፣ ዓሣ ሳይበላ፣ ባሕር ሳይነካ ነው።

ከዚህ በኋላ በግሩፑ ውስጥ የሆነውን ለማወቅ ብትፈልጉ የራሳችሁን ግሩፕ ክፈቱ። የዘንባባው ፎቶ ቀነሰ። «እንዴት ነው ነገሩ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ የአውራ ጣት ምልክት ሆነ። አንዱ «ሥራ በዝቶብኛል»፣ ሌላው «ፈቃድ አልሰጡኝም» ማለት ጀመረ። ማንም «አዲሱን ዋጋ አልችለውም» አላለም። ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ስልካችን ላይ አጭር መስመር ታየች። መምህሯ ጓደኛችን ግሩፑን ለቃ ወጥታለች።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን የማያስመሰግን ነገር መጻፍ አለብን። አልደወልንላትም። ግሩፑ ውስጥ ግን አማናት። «ሁልጊዜም እንዲህ ናት»፣ «ቀድሞም ልቧ አልነበረም»፣ «በእሷ ምክንያት የሰባታችን ዋጋ ሊለወጥ ነው»። ከሰባታችን «ምናልባት ብር አጥታ ይሆን?» ያለ አንድም አልነበረም። ወይም አስቦት ዝም ያለ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይብሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌሎች ሁለት ተከተሏት። ጉዞው ፈረሰ። መያዣውም እዚያው ቀረ።

እውነቱን ያወቅነው የካቲት ላይ ነው፣ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን። መምህሯ ያን 15,000 ብር የከፈለችው ከትምህርት ቤቷ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድራ ነው። ገንዘቡ ከወር ደሞዟ ይበልጣል። ጭብጨባችን ሲዘንብላት ብድሩን መክፈል ገና አልጀመረችም ነበር። እኛ ስናማት በየወሩ ከደሞዟ ይቆረጥባት ነበር፤ ይህን በነገረችን ጊዜም አልጨረሰችም ነበር። ላላየችው ባሕር አንድ ዓመት ከፈለች። ይህን የምንጽፈው ፈቅዳልን ነው። «ጻፉት፤ ግን እንዳታሳዝኑኝ» ብላናለች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልናት።

«መቼ ጠየቃችሁኝ?» አለችን።

ለዚህ መልስ አላገኘንም።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፣ ሰው መናገር አለበት። ግን ሰባት ሰው እያጨበጨበ ባለበት ቦታ «እኔ አልችልም» እንዲል የምንጠብቀው በጣም ከጨነቀው ሰው ነው። ሸክሙን ሁሉ አቅም ባነሰው ላይ መጫን ማለት እኮ ነው። በእኛ አስተያየት መጀመሪያ የመናገር ግዴታ ያለበት የተሻለ የያዘው ነው። ዛንዚባርን ያነሳው ልጅ በዚያው ትንፋሽ «እኔ ማውጣት የምችለው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ ያነሰ ከሆነ ሌላ ቦታ እንሂድ» ቢል ኖሮ በሩ ይከፈት ነበር። አላለም። ሌሎቻችንም አላልንም።

የሚያናድደው ደግሞ ይህን ችግር እናቶቻችን ከፈቱት መቆየቱ ነው። ዕቁብ ውስጥ «ያን ያህል አይደለም» የሚባል መዋጮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥሩ የሚታወቀው የመጀመሪያው ቀን ነው። የሚችል ይገባል፣ የማይችል አነስተኛ ዕቁብ ይፈልጋል፤ ማንም አያማውም። በአንድ ዕጣ ሁለት ሆነው ግማሽ ግማሽ የሚጥሉም አሉ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ። ዕድርም እንዲሁ ነው፤ መዋጮው ለሁሉም እኩል ነው፣ ሰዎች ግን እኩል ሀብት የላቸውም፤ ስለዚህ መዋጮው ለደካማውም እንዲቻል ሆኖ ይቆረጣል። እናቶቻችን ይሉኝታ እንደሚያጠፋቸው ስለሚያውቁ ሕግ አበጁለት። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ቴሌግራም ከፍተን፣ ሕጉን ጥለን ይሉኝታውን ብቻ ይዘን ቀረን።

ስለዚህ ከቡድን ጋር ደሴት ለማየት ለምታስቡ ሁሉ፣ ከከሰረ ሰው የተገኘ ምክር እነሆ።

አንደኛ፣ ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ቁጥር ይቀመጥ። እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ሁሉም ሰው ማውጣት የሚችለውን የመጨረሻ ብር በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፣ ስሙን ግን አይጽፍም። ወረቀቶቹ ይቀላቀላሉ፣ ይገለጣሉ። ትንሹ ቁጥር የጉዞው በጀት ነው። የማን እንደሆነ አይጠየቅም። በዚያ በጀት የሚሄዱበት ቦታ ከተገኘ ይሄዳሉ፤ ካልተገኘ ጊዜው ይራዘማል ወይም ቦታው ይለወጣል።

«ታዲያ ብር ያለው ሰው ምን በደለ? በሌላው ኪስ ሊታሰር ነው?» የሚል ይኖራል። ከመካከላችንም አንዱ ይህን አጥብቆ ተከራክሯል፤ ክርክሩም ፍሬ አለው። መልሳችን ይህ ነው፤ የሚሻል ክፍል የሚፈልግ ልዩነቱን ከፍሎ ይያዝ፣ ጠልቆ ዓሣ ማየት የሚፈልግ ይጥለቅ። የጋራ የሆነው ግን፣ ማለትም መንገዱ፣ ማደሪያውና የማታው ምግብ፣ በትንሹ ቁጥር ይቆረጥ። ለብቻው መንደላቀቅ የሚፈልግ ለብቻው መሄድ ይችላል፤ ማንም አልከለከለውም። ከጓደኛ ጋር መሄድ የፈለገው ግን ጓደኞቹ እንዲኖሩለት ነው።

«ለማይችለው እኛ እንሙላለታ!» የሚል ደግም አይጠፋም። ጥሩ ነው። ግን በመጀመሪያ፣ በግልጽና በገደብ ይሁን። ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ አምስት ቀን ሙሉ በየማዕዱ በሌላ ሰው እጅ የሚጎርስ ሰው ግን ባሕሩ ዳር ቁጭ ብሎ ስለ ባሕሩ አያስብም። ስለ ውለታው ነው የሚያስበው።

ሁለተኛ፣ ብሩ በአንድ ሰው ኪስ አይቀመጥ። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይከፈት። በየወሩ የተወሰነች ቀን ትኑር፣ እንደ ዕቁብ። ብር ቁጭ ባለበት ዋጋው ስለሚሳሳ በብር የሚገዛው ነገር ቀድሞ ይገዛ። የአውሮፕላን ትኬት እዚህ በብር ይገዛልና የመለወጥና የመመለስ ደንቡን አንብቦ ቀደም ብሎ መቁረጥ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ መያዣ ከመክፈል በፊት ወረቀት ይታይ። የቪዛው ሕግ እንደየፓስፖርቱ ይለያያል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ወደዚያ ለሚሄድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ ከመግባት ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ወቅቱም ይታይ። በዚያ ጠረፍ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ከባድ ነው። ጥርና የካቲት ደረቅ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ይህን ስለሚያውቅ ይወደዳሉ።

አራተኛ፣ ከግሩፕ ለወጣ ሰው ይደወልለት። ይህ ከሦስቱም ይበልጣል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ኩሩ አይደለም።

ባለፈው ወር ስምንታችንም እንደገና ተሰበሰብን። በአዲስ ካፌ፣ ያለ ጭብጨባ። ወረቀት ቆርጠን ጻፍን። ሲገለጥ ትንሹ ቁጥር ዛንዚባር አያደርስም ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ተባለ። ከዚያ ታሪክ ወዳዱ ልጅ «ሞምባሳም እኮ ደሴት ናት» አለ። ስልክ ተከፈተ። እውነቱን ነው! ከተማዋ ራሷ ደሴት ናት፤ በድልድይና በጀልባ ከየብሱ ጋር ትገናኛለች። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ እዚያ ነው። ዛንዚባር ላይ ያማረን አሮጌ የስዋሂሊ ሰፈር እዚያም አለ። ነጩ አሸዋ ከደሴቷ ወጣ ብሎ ነው፤ ወደ ደቡብ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግረው ዲያኒ ይደርሳሉ።

ዋናው ደግሞ በየብስ መደረሱ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ እንደዚያው ሌላ አውቶቡስ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር። ባቡሩ በጻቮ ፓርክ መካከል ያልፋል፤ ዕድለኛ ከመስኮቱ ዝሆን ያያል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ሆኖም ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመግቢያ ደንባቸውን ደጋግመው ስለቀያየሩ ከመነሳት በፊት ማጣራት ግድ ነው። የመንገዱን ሰላምም እንደዚያው። አድካሚ ነው፤ ወገብ ይሰብራል። ዋሽንግተን ያለችው ጓደኛችን «እኔ በአውሮፕላን ናይሮቢ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ይሁን፣ የራሷ ልዩነት ነው።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። ዳኛችን መምህሯ ናት፤ በሙሉ ድምፅ መርጠናታል። ያረፈደ 100 ብር ይቀጣል፣ ቅጣቱ ለማንም አይቀርም። ባለፈው ሰብሰባ ከመካከላችን አንዱ፣ ከሁላችን የተሻለ የሚያገኘው፣ አንገቱን ደፍቶ «የዚህን ወር ግማሹን ብቻ ነው ያመጣሁት፤ ሥራው ቀዝቅዟል» አለ። ማንም አልሳቀም። ዳኛዋ ጻፈችለት፣ ወደ ቀጣዩ አለፍን።

ባሕሩን ገና አላየነውም። ያን ቅዳሜ ግን «አልችልም» የሚለውን ቃል ከመካከላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን። ዛንዚባርን ባወራንባቸው በእነዚያ ሁሉ ወራት አንድም ቀን ያልሰማነው ቃል ነው።